ምዕራፍ ስድስት፦ የወንዝ ወለል በደጃፍ ላይ

እ.ኤ.አ. በ1820 በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ ክሮማርቲ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ፣ አንድ የ17 ዓመት ወጣት የግንበኝነት ሙያ ሊማር ወደ ድንጋይ ካባ ገባ። ስሙ ሂዩ ሚለር ነው። በሥራው የመጀመሪያ ቀናት፣ በባሩድ የተላቀቀ አንድ ትልቅ የአሸዋ ድንጋይ ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር ደግፎ ሲያቆም፣ ድንጋዩ ተኝቶበት የነበረው የታችኛው አለት ለብርሃን ተጋለጠ። የአለቱ ፊት ለጥ ያለ አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር ጎን ለጎን በተሰለፉ ትናንሽ ሸንተረሮችና ቦዮች ተሞልቷል። ሚለር በባሕር ዳርቻ ያደገ ልጅ ነውና ማዕበል ሲሸሽ አሸዋው ላይ ጥሎት የሚሄደውን ሽንሽን ገና በጨዋታ ዘመኑ ያውቀዋል። አለቱ ላይ የነበረው ያው ነው፤ የመስመሮቹ መታጠፍና መራራቅ እንኳ ሳይቀር። ይህ ወጣት ኋላ ከታወቁት የጂኦሎጂ ጸሐፊዎች አንዱ ሆነ። በ1841 «አሮጌው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ» የተሰኘውን መጽሐፉን ሲያሳትም ያንን የካባ ውሎ ከመክፈቻው ምዕራፍ ውስጥ አስገባው።

ዛሬ ይህንኑ የመሰለ ድንጋይ ሰዎች ለግቢያቸውና ለበረንዳቸው ንጣፍ ይገዙታል። ሳጥኑ ሲከፈት ግን ብዙዎች ይደነግጣሉ። አንዱ ንጣፍ ሽንሽን አለው፣ ሌላው ለጥ ያለ ነው። አንዱ ላይ ቡናማ ቀለበቶች ተሥለዋል፣ ሌላው ላይ ጥቁር የቅጠል ምስል ይታያል፤ አንዳንዱ ጥግ ላይ ወፍሮ ሌላው ጥግ ላይ ሳስቷል። «ናሙናው እንዲህ አልነበረም» የሚል ቅሬታ ይከተላል። ቅሬታው አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ገዢው ድንጋዩ ራሱ የያዘውን ታሪክ እንደ ጉድለት እየቆጠረ፣ እውነተኛውን ጉድለት ሳያየው ያልፋል። በዚህ ምዕራፍ ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገውን ያህል ስለ ድንጋዩ አፈጣጠር እንነጋገር።

የአሸዋ ድንጋይ ስሙ እንደሚለው አሸዋ ነበር። የአሸዋ ቅንጣት የሚባለው መጠኑ ከ0.06 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ነው። አብዛኛው ቅንጣት ኳርትዝ ሲሆን ፌልድስፓርና ማይካም ይቀላቀሉታል። ወንዝ፣ ባሕር ወይም ነፋስ አሸዋውን በንብርብር ያስቀምጠዋል። ከላይ የሚጫነው ደለል ሲበዛ ቅንጣቶቹ ይጨመቃሉ፤ በመካከላቸው የሚዘዋወረው ውሃ ደግሞ የተሸከመውን ማዕድን በክፍተቱ ውስጥ እየተወ ያያይዛቸዋል። ይህ ማያያዣ ሲሊካ ሊሆን ይችላል፤ ካልሳይት፣ የብረት ኦክሳይድ ወይም ሸክላም ሊሆን ይችላል። የንጣፉ ዕድሜ በዋናነት የሚወሰነው በዚህ ማያያዣ ነው። በሲሊካ የተያያዘው እጅግ ጠንካራ ነው። በሸክላ የተያያዘው ግን ውሃ ሲነካው ይላላል፣ ቀስ በቀስም ወደ አሸዋነት ይመለሳል። ሁለቱ ድንጋዮች በሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በቀለም ላይለያዩ ይችላሉ።

አሁን ወደ ሽንሽኑ እንመለስ፤ ብዙ የሚነግረን እሱ ነውና። በወንዝ ወለል ላይ ውሃ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲፈስ የአሸዋ ቅንጣቶችን እየገፋ በለዘብታ ዳገት ላይ ያወጣቸዋል፤ ጫፍ ሲደርሱ በወዲያኛው በኩል ወደ ቁልቁል ይወድቃሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሸንተረር አንድ ጎኑ ዝንብል ያለ፣ ሌላው ጎኑ ደግሞ ቀጥ ያለ ይሆናል። ቀጥ ያለው ጎን ውሃው ይሄድበት የነበረውን አቅጣጫ ያሳያል። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ወይም በባሕር ዳር ግን ውሃው በማዕበል ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። በዚያ የሚሠራው ሸንተረር ሁለቱም ጎኖቹ እኩል ናቸው፣ ጫፉም ሾል ያለ ነው። ለንጣፉ ጎን ቀረብ ብሎ በዓይን ደረጃ የሚመለከት ማንም ሰው ይህን ልዩነት ያለ ምንም መሣሪያ ማወቅ ይችላል። በግቢው ያለው ድንጋይ የወንዝ ነው ወይስ የማዕበል? መልሱ እዚያው እግሩ ሥር አለ።

ይህን ንባብ ወደ ሳይንስ ከለወጡት ሰዎች አንዱ በእንግሊዝ የሼፊልድ ከተማ ተወልዶ የኖረው ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ ነው። ሶርቢ ለማንም ተቀጥሮ አልሠራም፤ በወረሰው ሀብት ዕድሜውን ሙሉ ተመራመረ። ወራጅ ውሃ አሸዋን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ እያጠና፣ በአካባቢው አለቶች ውስጥ ያለውን ሽንሽንና ሰያፍ ንብርብር አቅጣጫ እየለካ፣ በ1859 ባሳተመው ጽሑፍ የጠፉ ወንዞችና ባሕሮች ወዴት ይፈሱ እንደነበር ከድንጋይ ማወቅ እንደሚቻል አሳየ። ሼፊልድ የምትገኘው ዮርክስቶን የሚባለው ታዋቂ የንጣፍ ድንጋይ በሚወጣበት አገር ነው። ይህ ድንጋይ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከሰሜን በኩል የመጡ ትላልቅ ወንዞች በዴልታ ላይ የዘረገፉት አሸዋ ነው። በለንደንና በሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች አሮጌ የእግረኛ መንገዶች ላይ የሚሄድ ሰው፣ ሳያውቀው፣ በዚያ ዴልታ ላይ ይራመዳል።

ሽንሽኑ እንዴት ሳይጠፋ ቆየ? የሚቀጥለው ጎርፍ ለምን አላጠበውም? አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። የሚተርፈው ውሃው ረግቶ፣ በውስጡ የተንሳፈፈው ጭቃና ማይካ ቀስ ብሎ ዝቅ ሲልና ሸንተረሮቹን በስሱ ሲሸፍናቸው ነው። ማይካ ጠፍጣፋ ቅንጣት ስለሆነ በጎኑ አይቆምም፤ ይጋደማል። ይህ ስስ ሽፋን በኋላ ድንጋዩ ውስጥ ደካማ ገጽ ሆኖ ይቀራል። ድንጋይ ጠራቢው መሮውን ሲያስገባ አለቱ የሚሰነጠቀው በዚያው ገጽ ላይ ነው። እንግዲህ ድንጋዩ ለንጣፍ እንዲመች ያደረገውና ሽንሽኑን ያኖረልን አንድ ነገር ነው፤ አንዱን ወድዶ ሌላውን መጥላት አይቻልም። እያንዳንዱ ሽንሽን ያለው ንጣፍ ደግሞ መንትያ ነበረው። ከላዩ የተነሣው ድንጋይ በሆዱ ላይ የዚህኑ ቅርጽ ግልባጭ ይዟል፤ የዚህ ሸንተረር በዚያኛው ላይ ቦይ ነው። ከስኮትላንድ ጫፍ ከኬትነስ የሚመጣው ጠቆር ያለ ንጣፍ ላይ፣ ጭቃ በፀሐይ ደርቆ የተሰነጣጠቀበት ምልክት ጭምር ይገኛል። ያ አካባቢ በዴቮኒያን ዘመን ሰፊ ሐይቅ ነበር፤ የዚያ ሐይቅ ዓሦች ቅሪተ አካልም በአለቶቹ ውስጥ በብዛት ተገኝቷል።

የቀለሙ ነገር ሌላ ታሪክ ነው፣ የተጻፈውም በሌላ ጊዜ ነው። የአሸዋ ድንጋይን ቀለም የሚቀባው በዋናነት ብረት ነው። ሄማታይት የተባለው የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶቹን በስሱ ከሸፈናቸው ድንጋዩ ይቀላል፤ ውሃ ያዘለው ዓይነት፣ ጎታይት፣ ቢጫና ቡናማ ያደርገዋል። ኦክሲጅን በሌለበት የቆየው ግራጫ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ለዚህ ብዙ ብረት አያስፈልግም፤ እጅግ ጥቂቱ አንድን ተራራ ለማቅላት ይበቃል። በህንድ ንጉሥ አክባር እ.ኤ.አ. ከ1571 ጀምሮ ያሠራትን የፋቴፑር ሲክሪ ከተማ ያየ ሰው፣ በቀዩ ድንጋይ ላይ የተበተኑ ፈዛዛ ነጠብጣቦችን ያስተውላል። ማንም ቀለም አልረጨባቸውም፤ በእነዚያ ቦታዎች ብረቱ በኬሚካዊ ለውጥ ከቅንጣቶቹ ላይ ታጥቦ ሄዷል።

ቀለበቶቹና የተጠማዘዙት ባንዶች የሚመጡት ድንጋዩ ከጠነከረ በኋላ በስንጥቆቹ ከሚገባው ውሃ ነው። ውሃው ብረት ተሸክሞ ይሰርጋል፤ ብረቱ ግን በእኩል አይቀመጥም፤ በአንድ መስመር ላይ ይከማችና ትንሽ ክፍት ቦታ ትቶ እንደገና በሌላ መስመር ላይ ይከማቻል። ጀርመናዊው ኬሚስት ራፋኤል ሊዜጋንግ በ1896 በጄላቲን ንጣፍ ላይ የብር ናይትሬት ጠብታ አኑሮ ተመሳሳይ ቀለበቶች በራሳቸው ሲሠሩ ተመለከተ። ጂኦሎጂስቶች እስከ ዛሬ በድንጋይ ላይ ያሉትን ባንዶች በእሱ ስም ይጠሯቸዋል። የቀለሙ ባንድ የድንጋዩን ንብርብር አቋርጦ ካለፈ፣ ቀለሙ ከአሸዋው በኋላ የመጣ መሆኑን ያለ ምንም ጥርጥር መናገር ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያሳስተው ጥቁሩ የቅጠል ምስል ነው። ከህንድ በሚመጣው ነጣ ባለ የአሸዋ ድንጋይ ላይ የፈርን ቅጠል የመሰለ፣ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ የሚወጣበት ምስል ይታያል፤ ሻጮችም የዕፅዋት ቅሪተ አካል እያሉ ያቀርቡታል። አይደለም። የማንጋኒዝና የብረት ኦክሳይድ በቀጭን ስንጥቅ ውስጥ ሲያድግ የሚሠራው ቅርጽ ነው። ማስረጃው ደግሞ ቀላል ነው። የሰሜንና የመካከለኛው ህንድ የንጣፍ ድንጋይ በአብዛኛው የሚወጣው ቪንድያን ከሚባሉት አለቶች ሲሆን ዕድሜያቸው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በእጅጉ ይበልጣል። በዚያ ዘመን በምድር ላይ ቅጠል ያለው ተክል ገና አልነበረም። ይህን ማወቅ ለእኔ የድንጋዩን ውበት አይቀንሰውም፤ ሕይወት የሌለው ማዕድን በራሱ ሕግ ቅጠል የመሰለ ነገር መሥራቱ ከቅጠሉ የበለጠ ይደንቃል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ ጂኦሎጂስት መጥቶ ነበር። ብላንፎርድ የህንድ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባልደረባ ነበርና የህንድን አለቶች ያየ ዓይኑን ይዞ ነው ትግራይን ያቋረጠው። በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ «የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ» ብሎ የሰየመው አለት እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠራል። ይህ ንብርብር ከትግራይ ገደሎች ርቆ በዐባይ ሸለቆ ውስጥ እንደገና ብቅ ይላል፤ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚጓዝ ሰው ወደ ዐባይ ድልድይ ሲቃረብ የሚያያቸው ቀላ ያሉ ገደሎች እነሱ ናቸው። መኪናው በሚቆምበት ቦታ ወርዶ አለቱን በቅርብ ያየ ሰው ሰያፍ ንብርብሮቹን ያገኛል። የገርዓልታ አባቶች አብያተ ክርስቲያናቱን የፈለፈሉትም በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነው። በመሮ የሚታዘዝ፣ ግን ጣራ ሆኖ ዘመናትን የሚሸከም ድንጋይ መምረጥ የቻሉት ጠራቢዎች የድንጋዩን ባሕርይ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

የንጣፉ ፊት ላይ የሰው እጅም አለ። በህንዷ ራጃስታን፣ በኮታና በቡንዲ አካባቢ ባሉት ካባዎች ሠራተኛው የአለቱን ጎን እያየ ንብርብሩን ይፈልጋል፤ በመሮና በመዶሻ እየነካካ እስኪላቀቅ ድረስ ይከተለዋል። ንብርብሩ በራሱ መንገድ ስለሚሄድ ውፍረቱ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ በአንድ ንጣፍ ላይ እንኳ ልዩነት ይኖራል። ይህን ለማስተካከል አንዳንድ አምራቾች የንጣፉን ጀርባ በመጋዝ ይላጩና ወደ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ያደርሱታል፤ ፊቱ ግን እንደተሰነጠቀ ይቀራል። ጠርዙ በመዶሻ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ትናንሽ ጉድጓዶች ይኖሩታል። እነዚህ የሥራው ምልክቶች ናቸው፤ ጉድለት አይደሉም።

ስለ ሠራተኞቹ ግን ሳልናገር አላልፍም። የአሸዋ ድንጋይ ሲፈለጥና ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራ በአብዛኛው ኳርትዝ ነው። ደቃቁ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ሲሊኮሲስ የሚባለውን በሽታ ያመጣል፣ በሽታውም መድኃኒት የለውም። የራጃስታን ክልል መንግሥት በ2019 ለእነዚህ ሠራተኞች የተለየ ፖሊሲ ለማውጣት የተገደደው ታማሚው ስለበዛ ነው። በካባዎቹ ሕፃናት የሚሠሩበት ሁኔታም በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ስለዚህ ንጣፍ ሲገዙ ድንጋዩ ከየት ካባ እንደመጣና በማን እጅ እንደተሠራ መጠየቅ የገዢ መብት ብቻ አይደለም፤ ግዴታም ነው እላለሁ። ግቢዎ ውስጥ ንጣፍ የሚቆርጥ ሠራተኛም በደረቁ አይቁረጥ፤ መቁረጫው ላይ ውሃ ይፍሰስ፣ እሱም ተገቢውን የአቧራ ጭንብል ያድርግ።

ታዲያ እውነተኛው ጉድለት የቱ ነው? መጀመሪያ ጎኑን ይመልከቱ። በንጣፉ ውፍረት ውስጥ ለስላሳ የሸክላ መስመር ካለና በጥፍር ሲቧጭር የሚፈረፈር ከሆነ፣ ውሃ በዚያ ገብቶ ንጣፉን አንድ ቀን ለሁለት ይገነጥለዋል። ውርጭ ባለበት አገር ደግሞ የገባው ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ስለሚጨምር ፊቱ በቅርፊት ቅርፊት ይነሣል። ቀጥሎ ንጣፉን በአንድ ጠርዙ አቁመው በትንሽ መዶሻ እጀታ መታ ያድርጉት። ጤነኛ ድንጋይ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ግን የታፈነ ድምፅ አለው። ለዓይን የማይታየውን ስንጥቅ ጆሮ ይደርስበታል። በመጨረሻም ትንሽ ውሃ ያፍስሱበት። ውሃውን ወዲያው የሚመጥ ድንጋይ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ እድፍና አልጌ በቀላሉ ይይዘዋል። በእነዚህ ሦስት ፈተናዎች የወደቀ ንጣፍ የቱንም ያህል ለጥ ያለና ቀለሙ አንድ ዓይነት ቢሆን ወደ መጣበት ይመለስ። ሽንሽን፣ ባንድ፣ ነጠብጣብ፣ የቅጠል ምስልና ቀጭን የኳርትዝ ሥር ግን በራሳቸው ለመመለስ ምክንያት አይሆኑም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ለሻጮችም ማለት ይገባል። በአንድ ናሙና ብቻ የአሸዋ ድንጋይን መሸጥ ገዢን ማሳሳት ነው። ንብርብሩ ከካባ ወደ ካባ ቀርቶ በአንድ ካባ ውስጥ እንኳ ከላይ እስከ ታች ይለያያል። ሐቀኛ ነጋዴ ሦስት አራት ሳጥን ከፍቶ፣ ደማቁንም ፈዛዛውንም አንድ ላይ ያሳያል፤ በውሃም አርሶ ያሳያል። እርጥብ ጨርቅ ከደረቁ ጠቆር ብሎ እንደሚታይ ሁሉ እርጥብ ድንጋይም ቀለሙ ይጠልቃል፤ በደረቁ የማይታዩ ባንዶችም ጎልተው ይወጣሉ። በበጋ የተመረጠ ንጣፍ ክረምት ሲገባ ሌላ ድንጋይ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሲነጠፍም አንድ ሳጥን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ስሕተት ነው፤ ግቢው በቀለም ተከፋፍሎ ይቀራል። ሳጥኖቹ ሁሉ ይከፈቱ፣ ንጣፎቹ ይቀላቀሉ፣ ከመጣበቃቸውም በፊት በደረቁ መሬት ላይ ተደርድረው በርቀት ይታዩ። ሽንሽናሞቹን ሰው ለሚራመድበት መንገድ፣ ለጥ ያሉትን ጠረጴዛና ወንበር ለሚቆምበት ቦታ መመደብ ይሻላል። የሽንሽኑ ቦዮች ዝናቡ ወደሚፈስበት አቅጣጫ ይዙሩ፤ ወደ ጎን ከዞሩ ውሃ ይይዛሉ። ፊቱ ወጣ ገባ የሆነ ንጣፍ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ቢነጠፍ ውሃው መሄጃ ያገኛል። ከሥሩ ደግሞ ሙሉ ሞርታር ይነጠፍለት። አንዳንድ ሠራተኞች ጊዜ ለመቆጠብ አራቱ ጥግና መካከሉ ላይ ብቻ ጉብ ጉብ አድርገው ያስቀምጡታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአምስቱ ጉብታዎች ምስል ንጣፉ ፊት ላይ እንደ እርጥብ ክብ ሆኖ ይወጣል፤ ባዶው ቦታም ውሃ ያጠራቅማል። ባለቤቱ ይህንንም የድንጋዩ ጥፋት አድርጎ ይወስደዋል፤ ጥፋቱ ግን የአነጣጠፉ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ፊቱ ላይ ቢታይ አይደንግጡ። ብዙውን ጊዜ ከሲሚንቶው ውሃ ይዞት የወጣ ጨው ነው፤ በብሩሽ ይጠረጋል፣ ዝናብም እያጠበ ያጠፋዋል። አሲድ ግን አያስነኩት። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በግራጫው ድንጋይ ውስጥ ያለውን ብረት ያሟሟዋል፤ ብረቱ ከአየር ሲገናኝ ይዝጋል፣ ግራጫው ንጣፍም ቡናማና ብርቱካናማ ይሆናል። ማያያዣው ካልሳይት ከሆነ ደግሞ አሲዱ እሱንም ይበላዋል። ሠራተኛው «በአሲድ ይጽዳ» ካለ፣ መጀመሪያ በአንድ ትርፍ ንጣፍ ላይ ሞክሮ ጥቂት ቀናት ይጠብቅ። በአሲድ የመጣ ዝገት በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ከሰረገ በኋላ በመፈተግ አይለቅም።